አማቴ ከመስታወቱ ወዲያ

የመኪናዬን መስታወት ያስጠቆርኩት ባለሥልጣን ሆኜ አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጋምቤላ ከተማ ውስጥ በዚያ ሰሞን ያማችሁኝ ሰዎች ብዙ ስለሆናችሁ ነው። የምደብቀው ሚስጥር የለኝም። የማጓጉዘው ወርቅም የለኝም፤ ወርቅ የሚወጣባትን ዲማን በስም እንጂ በአካል አላውቃትም። መስታወቱን ያስጠቆርኩት ውስጡ ቁጭ ብዬ ምሳ ልበላ ነው።

ሳቁ፣ ግድ የለም። ሚስቴም ስቃለች።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርላችሁ። እኔ ኑዌር ነኝ፤ እዚሁ ከተማ ተወልጄ አድጌ እዚሁ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በእኛ ዘንድ ወንድ ልጅ የሚስቱ እናት ፊት አይበላም። ሲያኝክ መታየት ነውር ነው። ይህን ደንብ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ ከእናቴ ወተት ጋር የገባ ነገር ሳይሆን አይቀርም። በሌላ በሌላው ከተሜ ነኝ ማለት እችላለሁ። ሸሚዜን አስተኩሳለሁ፤ ስልኬ ላይ አራት ዓይነት መተግበሪያ አለ። አማቴ በር ላይ ብቅ ሲሉ ግን መንጋጋዬ በራሱ ጊዜ ይቆለፋል። ስለ ምግብ መፈጨት ለስድስት ክፍል ተማሪዎች የማስተምር፣ የምራቅን ሥራ ሰሌዳ ላይ ስዬ የማስረዳ ሰው፣ የገዛ ምራቄን እንኳ የምውጠው እሳቸው ፊታቸውን ሲያዞሩ ነው።

አማቴ ማን ኛማል ይባላሉ። "ማን" በእኛ ቋንቋ እናት ማለት ነው፤ ኛማል ደግሞ ሚስቴ ናት። ከኢታንግ ወዲያ ካለው መንደራቸው የመጡት የአራት ወር ልጃችንን ሳራን ለማየት ነው። ለማየት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራኋችሁ። በመጡ ማግስት ኛማልን ጠርተው እንዲህ አሏት፤ "ሁለት ሳምንት እቀመጥና አያለሁ። ቤቱ ቤት ከሆነ ጥሩ። ካልሆነ አንቺንም ልጅቷንም ይዤ እሄዳለሁ። በእግሯ ስትሄድ ትመለሳላችሁ።"

በእግሯ ስትሄድ! ቢያንስ ስምንት ወር ማለት ነው እኮ። ሳራ ድምፄን መለየት የጀመረችው በዚያው ሳምንት ነበር። ከትምህርት ቤት ገብቼ ጫማዬን ስጥል ጭንቅላቷን ወደ በሩ ታዞራለች፤ እኔ መሆኔን ስታውቅ ሁለት እግሯን ታወራጫለች። ስምንት ወር ሄዳ ብትመለስ እንግዳ ሰው አየሁ ብላ እየሮጠች ልትሸሸኝ ነው። እውነቱን ልናገር፤ ፈራሁ።

"አንቺ ምን አልሻት?" ብዬ ኛማልን ጠየቅኋት።

"እማዬን እምቢ አልላትም። አንተ ጥሩ ሰው መሆንህን አሳያት።"

"እንዴት ነው የማሳያት? ደንቡ እኮ አትታይ ነው የሚለው!"

"እሱን አንተ ታውቃለህ፣ የሳራ አባት" አለችና ልጇን ልታጠባ ሄደች።

ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ መካከሉን የሚለየው መጋረጃ ነው። ግቢው ውስጥ አንድ የማንጎ ዛፍ አለ። አማቴ ከዛፉ ሥር ወንበራቸውን አስቀምጠው ተቀመጡ፤ ከዚያች ወንበር ሆነው በሩን፣ ማዕድ ቤቱን፣ መጸዳጃውንና የግቢውን በር አንገታቸውን ሳያዞሩ ያያሉ። የጦር መኮንን ቢሆን ቦታውን እንደዚያ አሳምሮ አይመርጠውም።

የመጀመሪያውን ቀን ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ የተጠበሰ በቆሎ ለመብላት ሞከርኩ። ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ውጭ ወሬ ሲቆም ሰማሁ። ጎረቤትም ጸጥ፣ ዶሮም ጸጥ። በቆሎው አፌ ውስጥ እስኪርስ ጠብቄ እንዳለ ዋጥኩት። በሁለተኛው ቀን ሙዝ ይሻላል ብዬ ሦስት ሙዝ ሳላኝክ ዋጥኩ፤ ይህን ለተማሪዎቼ እንዳትነግሩብኝ። በአራተኛው ቀን ባሮ ዳር ካለች አንዲት ምግብ ቤት ገብቼ ዓሣዬ እንደቀረበልኝ የኛማል አክስት ከነጃንጥላቸው ገቡ። አክስትም አማት ናቸው። ጣቴ ላይ ያለውን ወጥ ሱሪዬ ላይ ጠርጌ በጓሮ በር ወጣሁ። ጋምቤላ ውስጥ ግማሹ ሰው የሚስቴ ዘመድ ነው፤ የቀረው ደግሞ ዘመዶቿን ያውቃል።

በስድስተኛው ቀን መኪናዬ ትዝ አለችኝ። አሮጌ ነጭ የቤት መኪና ናት፤ መስታወቷ በእጅ እየተዞረ ነው የሚወርደው። ባሮ ዳር፣ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ራቅ አድርጌ አቆምኳትና ዳቦዬን አወጣሁ። ምን ዋጋ አለው፣ እኛ አገር ሰው አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ የለም። አንዱ መጥቶ በመስኮት እጁን አስገብቶ ጨበጠኝ። ሌላው ስለ ሳራ ጠየቀኝ። ሦስተኛው ዳቦውን አይቶ "ብላ እንጂ፣ ምን ታየኛለህ!" አለኝ፤ ሰውየው የኛማል ያጎት ልጅ ነው። ዳቦውን ሰጥቼው ሄድኩ።

በስምንተኛው ቀን፣ ረቡዕ ከሰዓት፣ ቀበቶዬን ሁለት ቀዳዳ አጥብቤ ሰለሞን ዘንድ ሄድኩ።

ሰለሞን ከጅማ መጥቶ እዚህ ከከረመ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ገበያው አጠገብ ባለች ሱቁ የስልክ መስታወት ይለጥፋል፤ የመኪና መስታወትም በሚለጠፍ ስስ ፊልም ያጠቁራል። ቀዝቃዛ ሰው ነው። ሙቀቱ አርባ ሲያልፍ እንኳ ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው።

"ለፀሐይ ነው ወይስ እንዳትታይ?" አለኝ።

"ለምሳ ነው።"

ስለ አማቴ አስረዳሁት። እስክጨርስ ሰማኝና ራሱን ነቀነቀ።

"ብዙ ሰው ብዙ ምክንያት ነግሮኛል" አለ። "ለምሳ ያለኝ ግን አንተ የመጀመሪያህ ነህ። በል እሺ። የፊቶቹን ፈካ አደርጋቸዋለሁ፣ ትራፊክ እንዳያስቸግርህ። የኋላዎቹን ድብን አድርጌ አጠቁራቸዋለሁ።"

"እንግዲያው ከኋላ ወንበር እበላለሁ።"

"እንደ ሚኒስትር" አለ ሰለሞን፣ ሳይስቅ።

ሥራውን ቆሜ አየሁት፤ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። መጀመሪያ መስታወቱን አጥቦ አጥቦ የአሥር ዓመት አቧራ አወረደለት። ከዚያ ሳሙና ያለበት ውኃ ረጨበት። ፊልሙን በልኩ ቆረጠና ከጀርባው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነገር ላጠለት፤ እርጥቡ መስታወት ላይ አንሸራትቶ አስቀመጠውና በፕላስቲክ ቁራጭ ውኃውን ከመካከል ወደ ዳር ያባርረው ጀመር። በየቦታው አረፋ ይነሳል፤ ሰለሞን እያንዳንዷን አረፋ እስከ ጠርዙ ድረስ ተከትሎ ያስወጣታል። ሌላ አገር በፀጉር ማድረቂያ እያሞቁ ነው የሚሠሩት አለኝ። እዚህ ግን ወደ ፀሐዩ እያመለከተ "ማድረቂያችን እሱ ነው" አለ።

ሲያልቅ የኋላው ወንበር ላይ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ወገኖቼ! ያ ዓይን የሚያጠፋ ፀሐይ የት ሄደ? ውስጡ አመሻሽ ሆነ። ውጭውን ሳየው ግን ገበያው፣ ባጃጁ፣ ቲማቲም የምትደረድረው ሴትዮ፣ ሁሉም ጥርት ብሎ ይታያል። ወጥቼ ከውጭ ሳየው ደግሞ የገዛ ፊቴ ብቻ። ገባሁ፣ ወጣሁ። እንደገና ገባሁ። ስላላመንኩ ሰለሞንን ውስጥ አስቀምጬ "እባክህ አንድ ነገር አኝክልኝ" አልኩት። ማስቲካ አኘከልኝ። መስታወቱ ላይ አፍንጫዬን አስደግፌ ፈለግሁት፤ ጥላው እንኳ የለም። የሰው ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ በጥቅል መሸጡ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

"አንድ ነገር ብቻ" አለኝ ሰለሞን ሲወርድ። "ሦስት ቀን መስታወት እንዳታወርድ። ከሥሩ ያለው ውኃ ሳይደርቅ ካወረድከው ፊልሙ ይሸበሸባል፤ ያኔ እኔ የለሁበትም።"

"ሦስት ቀን? በመጋቢት?"

"ሦስት ቀን።"

የመኪናዬ ኤሲ የሞተው እኔ ከመግዛቴ በፊት ነው። በሕይወት እንደነበረ የሚያሳይ ምልክትም የለም።

ሐሙስ ጠዋት መስታወቶቼን ዘግቼ ወደ ሥራ ወጣሁ። ገና ከሰፈር ሳልወጣ ሸሚዜ ከወንበሩ ጋር ተጣበቀ። ይህን እችለዋለሁ፤ ያልቻልኩት ሰላምታውን ነው። በየመንገዱ የማውቃቸው ሰዎች እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ያነሳሉ፤ እኔም ውስጥ ሆኜ አነሳለሁ፤ ፈካ ያለ የተባለው የፊት መስታወትም ከዚያ ፀሐይ ጋር ሆኖ እጄን አላሳየም። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ሁለት እጄን አነሳሁ፤ መኪናዋ ወደ ቦይ ሄደች። መሪዋን መልሼ በጥሩምባ ሰላም ልበል አልኩ። በዚያች ቅጽበት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አቶ ቾል ከነመጽሐፍ ቅዱሳቸው መንገድ ዳር ቆመው እጃቸውን ዘርግተውልኝ ነበር። ጥሩምባዋ አጠገባቸው ስትጮህ ዘለሉ፤ ሲዘሉ ያረፉት ከውኃ መውረጃው ውስጥ ነው። ወርጄ ይቅርታ እንዳልል ከኋላዬ የጭነት መኪና ነበር። በኋላ መመልከቻው መስታወት ሳያቸው ጫማቸውን እያራገፉ መኪናዬን በዓይናቸው ይከተሏት ነበር።

ማታ ራት ሳይቀርብ አክስትየዋ ከማንጎው ሥር ደረሱ። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ደብተር አርማለሁ።

"አማችሽ ሰው መናቅ ጀምሯል" አሉ አክስትየዋ። "መስታወቱን አጥቁሮ ያልፋል። ሰላም ቢሉት አይመልስም። ቾልን ቦይ ውስጥ ጨመራቸው።"

አማቴ "እህ" አሉ።

ያች "እህ" ስንት ነገር እንዳላት ልነግራችሁ አልችልም። ኛማል ወደ እኔ መጣችና በሹክሹክታ "እማዬ የሳራን ልብሶች መቼ እንደማጥብ ጠየቀችኝ" አለችኝ። ለጉዞ ነው። ያን ማታ የማርመው የማን ደብተር እንደሆነ አላስታውስም፤ ለሁሉም ልክ ነው ብዬ ሰጠሁ።

ዓርብ በምሳ ሰዓት መኪናዋን ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ፣ ሰው ከማይበዛበት ጥግ አቁሜ ኋላ ወንበር ገባሁ። ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ይዣለሁ። እንደ ምድጃ ነው፤ ግን ማንም አያየኝም። አንዱን እንቁላል ሙሉውን አፌ ውስጥ እንደጨመርኩ አቶ ቾል ብቅ አሉ። መጡ፣ መጡና መኪናዋ አጠገብ ቆሙ። ነጭ መኪና ከተማው ውስጥ ብዙ ስለሆነ፣ ቆማ ደግሞ ስላገኟት፣ የትናንቷ መሆኗን አላወቁም። ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። በሁለታችን መካከል ያለው አንድ ስንዝር አይሞላም።

ልብ በሉ፤ አቶ ቾል ሃያ ዓመት በማውቃቸው ጊዜ ውስጥ አንድ ቀን ሲስቁ አላየሁም። ሠርግ ላይ እንኳ እንደ ዳኛ ነው የሚቀመጡት። አሁን ክራቫታቸውን አስተካከሉ። አንገታቸውን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ አደረጉ። ከዚያ ለመስታወቱ ፈገግ አሉለት! በጣም ያምርባቸዋል። ግራ ቀኝ አይተው ማንም አለመኖሩን ካረጋገጡ በኋላ መዝሙር እያንጎራጎሩ ትከሻቸውን ነቅነቅ፣ እግራቸውን ወደፊት አንድ፣ ወደ ኋላ ሁለት። ሽማግሌው ጨፈሩ። እንቁላሉ አፌ ውስጥ እንዳለ እንባዬ መጣ፤ ከሙቀቱ ነው ብዬ ነበር፣ ከሙቀቱ ግን አልነበረም። ሰውን ያህል ነገር ሃያ ዓመት እያዩ ምንም አለማየት እንደሚቻል አሰብኩ። አቶ ቾል ፊታቸውን እንደገና አጠቆሩና ሄዱ።

ቅዳሜ ደረሰ። ከሁለቱ ሳምንት አሥራ አንደኛው ቀን ነው። የሳራ ልብሶች ታጥበው ገመድ ላይ ተሰጥተዋል። ከከተማ ወሬ የተነሳ መኪናዋን ማንቀሳቀስ ስለፈራሁ ግቢ ውስጥ፣ የሸምበቆው አጥር ጥግ አቁሜያታለሁ። እዚህ ላይ ነው ትልቅ ብልሃት የመሰለኝ ነገር የመጣልኝ። አማቴ እንዲሰሙኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ "ስብሰባ አለብኝ፣ ማታ ነው የምመለሰው!" ብዬ በእግሬ ወጣሁ። ባሮ ዳር ሄጄ ትልቅ የተጠበሰ ዓሣ በወረቀት አስጠቀለልኩ። ተመልሼ በጀርባ በኩል በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ፣ በአጥሩ በኩል ያለውን የኋላ በር ከፍቼ ገባሁ። ባሎች ሁሉ የሚፈሩት ቦታ ከአማታቸው አፍንጫ ሥር ነው፤ ስለዚህ ማንም እዚያ አይፈልገኝም። እንዲህ ብዬ ራሴን አደነቅሁ።

ዓሣው አሁንም ትኩስ ነበር። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ያላየሁት ምሳ ነው። ሁለት ጉርሻ እንደበላሁ ከመኪናዋ ኋላ የእግር ኮቴ ሰማሁ።

አማቴ ናቸው። በአንድ እጃቸው ባዶ ጀሪካን፣ በሌላው ክዳን ያለው ሳህን ይዘዋል። በመኪናዋና በአጥሩ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ገቡ፤ ጀሪካኑን ገልብጠው ከመስኮቴ ፊት ለፊት አስቀመጡና ተቀመጡበት። ከቤቱም ከማዕድ ቤቱም የማይታዩበት ቦታ ነው። ክዳኑን አነሱ። ኮፕ ነው፤ ከበቆሎ ዱቄት እያድበለበልን የምንሠራው፣ ወተት የፈሰሰበት። የግቢውን በር አንዴ አየት አደረጉና በጣታቸው ቆንጥረው ጎረሱ።

ጉርሻዬ አፌ ውስጥ ደረቀ። ወዲያው ገባኝ። ደንቡ ለሁለታችንም ነው እኮ። እሳቸውም እኔ ፊት አይበሉም። ቤቱ የእኔ ነው፤ በየትኛውም ሰዓት ልገባ እችላለሁ። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ እኔ መሸሸጊያ ስፈልግ እሳቸውም ይፈልጉ ነበር፤ ከማንጎው ሥር ተቀምጠው የግቢውን በር የሚጠብቁት እኔን ለመያዝ ሳይሆን እኔ እንዳልይዛቸው ነው። የራሴ ሆድ ስለሚጮህ የእሳቸውን አልሰማሁትም። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ አፍሬም ተገርሜም አላውቅም።

የታች ጥርሶቻቸው በድሮው ደንብ በልጅነታቸው የተነቀሉ ስለሆኑ ቀስ ብለው ነው የሚያኝኩት። እያኘኩ መስታወቱን አዩ። ሻሻቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ፤ ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

"አንቺ ሴትዮ፣ አረጀሽ እኮ" አሉ በኑዌርኛ፤ ወደ አማርኛ ሳመጣው ጣዕሙ ይቀንሳል። "ልጅቷን ወስደሽ ማን ይሸከማታል? ወገብሽ ነው?" ትንሽ አኘኩ። "እዚህ ደግሞ እንደ ሌባ እየበሉ አይኖርም። ልጁም ሰው ይንቃል ይላሉ።" እንደገና ጎረሱ። "ትናንት ግን ጨርቋን ሲያጥብ አይቼዋለሁ።"

የሳራን ጨርቅ ነው። ማታ አማቴ የተኙ መስሎኝ ነው ያጠብኩት። ይህን ስሰማ ትንፋሼን ሳብኩ፤ አፌ ውስጥ ዓሣ መኖሩን ረስቼ ነው የሳብኩት። አጥንቱ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

ላለመሳል ሞከርኩ። ስለ ሳል ነገር አስተምራለሁ፤ ሰውነት ከፈለገ አይጠይቃችሁም። ዓይኔ ፈጠጠ፣ ላቤ ወረደ፣ ከዚያ መኪናዋ እስክትንቀጠቀጥ ሳልኩ። አማቴ ከነሳህናቸው ተነሱ። ሁለት እጃቸውን በዓይናቸው ጥግ አድርገው መስታወቱ ላይ ተጠጉ፤ ያን ያህል ሲቀርቡ ፊልሙም ተሸነፈ። ዓይን ለዓይን ተያየን። እኔ ከነዓሣዬ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር። እሳቸው ወዲያው ጀርባቸውን ሰጡኝ። መኪናዋን ተደግፈው አጥሩን እያዩ "ዓሣ ነው?" አሉ።

ሳልኩላቸው።

"መስታወቱን አውርድ።"

እዚህ ላይ የሞኝነቴን ልክ ስሙልኝ። ትንፋሼ እየተቆረጠ፣ ሰዓቴን አየሁ። ሦስቱ ቀን ሊሞላ የቀረው አራት ሰዓት ነው። ፊልሙ ይሸበሸባል ብዬ አሰብኩ! ከዚያ ሌላ ሳል መጣና አስተሳሰቤን ወሰደው። እጀታውን ይዤ አዞርኩ። ፊልሙ እንደ ብስኩት ወረቀት እየተንኮሻኮሸ ወረደ። በተከፈተው በኩል አንድ እጅ፣ የእጁ ባለቤት ወደ አጥሩ እያዩ፣ ወደ ኋላ ተዘርግቶ ገባ። መዳፉ ላይ የተድበለበለ ኮፕ አለ።

"ሳታኝክ ዋጠው" አሉ። "በወንዝ ዳር ነው ያደግሁት።"

ይህ ለተማሪዎቼ አታድርጉ የምለው ነገር ነው። ዋጥኩት። አልሄደም። ሌላ ጨመሩልኝ። በሦስተኛው አጥንቱ ወረደ፤ አየር ገባ፤ ሸምበቆው አጥር እንደገና ቢጫ ሆኖ ታየኝ። አማቴ እጃቸውን አወጡና ጀሪካናቸው ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀመጡ።

"መስታወቱን ያጠቆርከው ለዚህ ነው?" አሉ።

"አዎ፣ እማማ።"

"ሰው ንቀህ አይደለም?"

"መስታወት ማውረድ ሦስት ቀን ተከልክዬ ነው። እጄን አነሳ ነበር፤ አልታይ አለ።"

ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። የሚያለቅሱ መሰለኝ፤ ኋላ ነው ሳቅ መሆኑን ያወቅሁት። እኔም ሳቄ መጣ፤ ጉሮሮዬን ስላመመኝ ያዝኩት።

"ዓሣህ ይቀዘቅዛል" አሉኝ። "ብላ። አላየሁህም።"

"እርስዎም ይብሉ። እኔም አላየሁም።"

መስታወቱን መልሼ ዘጋሁት። የተሸበሸበው ፊልም ውስጥ ጀርባቸው ጠማማ ሆኖ ይታያል። እሳቸው ሳህናቸውን አነሱ፤ እኔ ዓሣዬን አነሳሁ፣ በዚህ ጊዜ አጥንቱን እየለቀምኩ። ያንን ምሳ እንዴት እንደምገልጽላችሁ አላውቅም። ከሰው ጋር ተቀምጬ ብዙ ማዕድ በልቻለሁ፤ እንደዚያ ግን ከሰው ጋር በልቼ አላውቅም።

ማታ ከ"ስብሰባ" ስገባ ገመዱ ላይ የሳራ ልብስ አልነበረም። ጠቅልለዋል ብዬ መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። ልብሶቹ ሣጥናቸው ውስጥ ታጥፈው ተቀምጠዋል፤ ኛማል ሳራን ታጠባለች።

"እማዬ ክረምት እስኪገባ እዚሁ እቆያለሁ አለች" አለችኝ፣ ቀና ሳትል። "እኛም የትም አንሄድም።"

"ለምን አሉ?"

"አልነገረችኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠይቂው አለችኝ፤ የምን ጥያቄ እንደሆነ እኔ አልገባኝም።" ቀና ብላ አየችኝ። "መኪና ውስጥ የሚገባው በስንት ሰዓት ነው አለች።"

"ስድስት ሰዓት ተኩል በያት" አልኳት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ምሳዬን ይዤ ኋላ ወንበር ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ብዙም ሳልቆይ ጀሪካኑ መሬት ላይ ሲጎተት ሰማሁ። አማቴ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀመጡ፤ ሳህናቸው ጭናቸው ላይ፣ ሳራ ትከሻቸው ላይ። ሳራ ወደ እኔ ዞራለች። መስታወቱ ላይ የገዛ ፊቷን አይታ ትንሽ አሰበችና ሳቀችለት። እኔም አፌን ሞልቼ ሳቅሁላት።